የሚከለክለው ማን ነው? ጭነት አልሸከምም ያለ አሮጌ የናፍጣ ሎኮሞቲቭን ስለመመርመር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ የተቀመጣችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ ነው።

ስለ ግብዣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ አዳራሽ ከእኔ በፊት ሙያውን የጀመሩ አባቶች ተቀምጠዋል፤ ትናንት ዴፖ የገቡ ልጆችም አሉ። አባቶቼ፣ ከተሳሳትኩ በመካከል አቋርጣችሁ አርሙኝ፤ ቅር አይለኝም። ልጆቼ፣ ያልገባችሁን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ይህ ሙያ ከመጽሐፍ ይልቅ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ የመጣ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ሲያልቁ ማሽኖቹም አብረው ያልቃሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ርዕሳችን አንድ ነው። ሎኮሞቲቩ ይነሳል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ግን አይጎትትም። ለምን?

በሦስት ነገር ላይ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ምንም ዕቃ ከመፍታታችን በፊት ማሽኑን ምን ብለን እንጠይቀው። ሁለተኛ፣ ጥፋቱ በኤሌክትሪኩ በኩል ሲሆን። ሦስተኛ፣ በሞተሩ በኩል ሲሆን። በመካከሉ ስለ አንዲት መብራት የምነግራችሁ ነገር አለ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሷን እንዳትረሱብኝ አደራ እላለሁ።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። በናፍጣ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሞተሩን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኝ ብረት የለም። ያለው ሽቦ ነው። ሞተሩ ትልቁን ጄነሬተር ያዞራል፤ ጄነሬተሩ ያመነጨው ኤሌክትሪክ አክስሎቹ፣ ማለትም የመንኮራኩሮቹ ዘንጎች፣ ላይ ወዳሉት ትራክሽን ሞተሮች ይሄዳል፤ እነሱ ይጎትታሉ። ታዲያ ሞተሩ ጭነት የሚሰማው መቼ ነው? ጄነሬተሩ ለመዞር ሲከብደው ነው። ጄነሬተሩ የሚከብደውስ መቼ ነው? ፊልዱ፣ ማለትም ማግኔቱን የሚፈጥረው ጥቅልል፣ ከረንት ሲያገኝ ነው። ፊልዱ ባዶ ከሆነ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ የሚያዞረው ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ጭነት ማለት ፊልድ ነው። ደግሜ እላለሁ፤ ጭነት ማለት ፊልድ ነው።

ምሳሌዬን ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት ቤተሰብ ልውሰድ፤ ኢ.ኤም.ዲ. ከተባለው የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሠሪ 567 ሞተር። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ፣ ሁለት ምት ያለው ሞተር ነው። ስሙን ያገኘው ከአንዱ ሲሊንደር ይዘት ነው፤ 567 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሊትር 9.3 ገደማ። ጂፒ7 በሚባለው ሎኮሞቲቭ ላይ 1,500፣ ጂፒ9 በሚባለው ላይ 1,750 የፈረስ ጉልበት ለጉተታ ይሰጣል። ሌላ ዓይነት ማሽን ያላችሁ አትከፉ፤ የዕቃዎቹ ስምና ቦታ ይለያይ እንጂ የአመራመሩ መንገድ ያው ነው።

የዚህ ሞተር አዛዥ ገቨርነሩ ነው። ገቨርነሩ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የመጀመሪያው ዙር መጠበቅ ነው፤ ነጂው ባዘዘው ኖች፣ ማለትም በእጀታው ደረጃ፣ ሞተሩ የተወሰነለትን ዙር እንዲይዝ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጭነት መመጠን ነው። ለእያንዳንዱ ዙር ሞተሩ ሊያቃጥል የሚገባው ነዳጅ በገቨርነሩ ውስጥ ተወስኗል። ሞተሩ ዙሩን ለመያዝ ከዚያ በላይ ነዳጅ ከጠየቀ፣ ገቨርነሩ ጭነቱ እንደበዛበት ያውቅና ፊልዱን ያስቀንስለታል። ከዚያ ያነሰ ነዳጅ ከበቃው ደግሞ ገና አቅም አለው ብሎ ፊልዱን ያስጨምርበታል።

ፊልዱን የሚጨምርና የሚቀንስ እጁ ሎድ ሬጉሌተር ይባላል። በዘይት ግፊት የሚዞር ክንድ ነው፤ ክንዱ በመዳብ ጥርሶች ላይ ይሄዳል፤ ወደ አንዱ ጫፍ ሲደርስ በፊልዱ መንገድ ላይ ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚገታው፣ ይወጣል፣ ማክሲመም ፊልድ እንለዋለን። ወደ ሌላው ጫፍ ሲመለስ ሬዚስታንሱ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ሚኒመም ፊልድ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ነጥቤ ላይ ደረስን። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሎኮሞቲቭ ዴፖ ገባ። በሽታው፣ ጉልበት ማነስ። ሞተሩ ይነሳል፣ ዙሩን ይይዛል፣ ግን ከሚገባው ጉልበት ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሰጥም። ያኔ አለቃችን የነበሩት ሰው «ኢንጀክተር ነው» አሉ፤ ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ማለታቸው ነው። ስምንት ኢንጀክተር ቀየርን። ምንም ለውጥ የለም። «የነዳጅ ፓምፕ ነው» ተባለ፤ ቀየርን። «ገቨርነሩ ነው» ተባለ፤ ገቨርነሩም ወረደ፣ ሌላ ወጣ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሌሊት ሳይቀር እንሠራ ነበር። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከድካሙ በላይ ያቃጠለኝ አለማወቃችን ነው። እየመረመርን አልነበረም፤ ዕቃ እየቀየርን ዕድላችንን እየሞከርን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉት የለ?

በመጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንድ ኤሌክትሪሺያን ተጠሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። መሣሪያ እንኳ አልያዙም። መጡና እኔን ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ክንዱ የት ነው ያለው?»

«የምን ክንድ፣ ጋሼ?»

«የሎድ ሬጉሌተሩ ነዋ።»

ዝም አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዳችንም አላየነውም ነበር።

ሎኮሞቲቩን ቆሞ ሳለ ጭነት ከሚሰጠው መሣሪያ፣ ከሎድ ቦክስ ጋር አገናኝተን ስምንተኛ ኖች ላይ አደረግነው። ክንዱ ማክሲመም ፊልድ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦ «አየህ? ገቨርነሩ ጨምርልኝ፣ ጨምርልኝ እያለ ነው። ሞተሩ አልደከመም። የሚሰጠው አጥቶ ነው። የምትፈቱት ሰው አልታመመም፤ በሽተኛው ወዲያ ነው።»

ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኙት። የባትሪ ፊልዱን፣ ማለትም በባትሪው ቮልት የሚመገበውን ፊልድ፣ የሚያገናኘው ትልቅ ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ ንክኪው ተቃጥሎ ነበር፤ ኬብሉን የያዘው ብሎንም ላልቷል። ያወረድናቸው ስምንቱ ኢንጀክተሮች ሲፈተሹ ሁሉም ጤነኛ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬ አንድ ነው። የሚከለክለው ማን ነው? ሞተሩ ነው አልችልም ያለው፣ ወይስ ኤሌክትሪኩ ነው አልሰጥም ያለው? ምስክሩ ደግሞ ክንዱ ነው። ማሽኑ በሙሉ ኖች ላይ ሆኖ፣ ጉልበቱ ጎድሎ፣ ክንዱ ማክሲመም ፊልድ ላይ ከተለጠፈ፣ ሞተሩ ተጨማሪ እየጠየቀ ነው፤ ኤሌክትሪኩን መርምሩ። ክንዱ ከማክሲመም ተመልሶ መሃል ላይ ከቆመና ጉልበቱ ከጎደለ፣ ገቨርነሩ የደከመ ሞተር እያገዘ ነው፤ ነዳጁን፣ አየሩን፣ ኢንጀክተሩን መርምሩ። ክንዱ ሚኒመም ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም ካለ ደግሞ ወይ ተመለስ ብሎ ያዘዘው አለ፣ ወይ የሚገፋው ዘይት አይደርሰውም፣ ወይ ራሱ ተጣብቋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የቆዩት ያውቁታል። ይህ ምስክርነት የሚታመነው ሎድ ቦክሱ ጄነሬተሩን በመካከለኛ ክልሉ ሲጭነው ነው። አምፔሩ እጅግ ከፍ ብሎ ወይም ቮልቱ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ጤነኛ ማሽንም ክንዱን ማክሲመም ላይ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሌላው፣ ከገቨርነሩ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደው ማያያዣ ከልኩ ከወጣ ገቨርነሩ ራሱ ይታለላል፤ ሲሊንደሩ ግማሽ ነዳጅ እያገኘ እሱ ሙሉ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ገቨርነሩ ላይ ያለው ጠቋሚና ሲሊንደሩ ላይ ያለው ራክ፣ ማለትም የኢንጀክተሩን ነዳጅ የሚመጥነው ዘንግ፣ አንድ ነገር መናገራቸውን አረጋግጡ።

ጉልበቱ መጉደሉንስ በምን እናውቃለን? በግምት አይደለም። የጄነሬተሩን ቮልት በአምፔሩ አባዙት፣ ለ700 አካፍሉት። ለምን ለ700? አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ጄነሬተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲታሰብ 700 ገደማ ይሆናል። 700 ቮልትና 1,500 አምፔር ካነበባችሁ 1,500 የፈረስ ጉልበት ነው። 700 ቮልትና 1,200 አምፔር ካነበባችሁ 1,200 ነው፤ 300 ጎደለ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር 1,500 ሲሰጥ የአንዱ ሲሊንደር ድርሻ 94 ገደማ ነው። 300 የጎደለውን አንድ የተበላሸ ኢንጀክተር ሊያጎድለው ይችላል? አይችልም። ይህቺ ሂሳብ ያኔ ብትኖረን ኖሮ ሁለት ሳምንት ባልባከነ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከመሄዴ በፊት ስለ ነጂው ላንሳ። ነጂ መጥቶ «አይጎትትም» ሲላችሁ ወዲያው መፍቻ አታንሱ። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ብዙ በሽታ አለ። በአክብሮት ጠይቁት፤ አብራችሁት ቁጭ በሉ። አምፔር ሜትሩ ተንቀሳቅሷል ወይስ ጭራሽ አልተነሳም? ዙሩ ይወጣል? ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በሁሉም ኖች ነው ወይስ በአንዱ? ደወል ተሰምቷል? የትኛው መብራት በርቷል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነጂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብቆ አይደለም፣ የጠየቀው አጥቶ ነው።

አምፔር ሜትሩ ጭራሽ ካልተነሳ መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። ሎኮሞቲቩን ከጉተታ የሚለየው የአይሶሌሽን ማብሪያ ሥራ ላይ ነው? የጄነሬተር ፊልድ ማብሪያው በርቷል? የአቅጣጫ እጀታው በትክክል ገብቷል? የባትሪ ፊልድ ፊውዙ ጤነኛ ነው? የድንገተኛ ፍሬን ተይዞ ከነበረ ፍሬኑን የሚከታተለው ፒሲ ማብሪያ ኃይሉን ቆርጦታል፤ እጀታው ወደ አይድል፣ ማለትም ጭነት ወደሌለበት ዝቅተኛ ዙር፣ ተመልሶ ፍሬኑ እስኪስተካከል አይለቅም። የኤሌክትሪክ መፍሰስን የሚጠብቀው ግራውንድ ሪሌይ ዘሎ፣ ማለትም ኃይሉን ቆርጦ፣ ከሆነ አንዴ መልሱት። እንደገና ከዘለለ ግን ማሽኑ የሆነ ቦታ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ እየፈሰሰ ነው እያላችሁ ነው። ደጋግማችሁ እየመለሳችሁ አታስገድዱት።

አሁን የኤሌክትሪኩ በኩል። እዚህ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ፤ ስለ ኖችና ስለ ዙር።

ነጂው የሚይዘው እጀታ ስምንት ኖች አለው። እጀታው ገቨርነሩን በቀጥታ አይነካውም፤ ገቨርነሩ አናት ላይ ባሉ አራት ሶሌኖይዶች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ማግኔቶች፣ በኩል ያዘዋል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እንላቸዋለን። ኤ 80 ዙር ይጨምራል። ቢ 320 ይጨምራል። ሲ 160 ይጨምራል። ዲ ግን 160 ይቀንሳል፤ ብቻውን ሲታዘዝ ደግሞ ሞተሩን ያጠፋል። 567ሲ በሚባለው የ567 ዓይነት ሞተር አይድልና አንደኛ ኖች 275 ዙር በደቂቃ ነው፤ አንዱም ሶሌኖይድ አይሠራም። ሁለተኛው ኤ ብቻ ነው፣ 355። ሦስተኛው ሲ ብቻ፣ 435። አራተኛው ኤና ሲ፣ 515። አምስተኛው ቢ፣ ሲና ዲ፣ 595። ስድስተኛው አራቱም፣ 675። ሰባተኛው ቢና ሲ፣ 755። ስምንተኛው ኤ፣ ቢና ሲ፣ 835።

ይህን ለምን በቃላችሁ ያዙት እላለሁ? ከዙር መለኪያ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳትነኩ የሞተውን ሶሌኖይድ በስሙ ስለምትጠሩት ነው። ነጂው «ስምንተኛ ላይ አደርገዋለሁ፣ ከሰባተኛ ምንም ልዩነት የለውም፤ አራተኛውም እንደ ሦስተኛው ነው» አለ እንበል። ማን ሞተ? ... ከመሃል ማን ነው የመለሰው? አዎ፣ ኤ ነው። ሙሉ ኖች ላይ ዙሩ ከ515 አልወጣም ካለስ? ቢ ነው፤ 835 ሲቀነስ 320፣ 515 ነው። አምስተኛው ላይ ሞተሩ ድንገት 755 ዙር ከጮኸ ደግሞ የሚቀንሰው ዲ ሥራውን አልሠራም። ዙሩ ያልወጣ ሞተር ሙሉ ጉልበት ሊሰጥ አይችልም፤ ያ ግን የሞተሩ ድካም አይደለም። ሽቦ ነው፣ ሶኬት ነው፣ ወይም የእጀታው ውስጥ ንክኪ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንት ገቨርነር በከንቱ ወርዷል!

ዙሩ ልክ ሆኖ ክንዱ ማክሲመም ላይ ከተለጠፈ ወደ ፊልዱ መንገድ እንሄዳለን። የባትሪ ፊልዱ የሚመገበው ከዝቅተኛው ቮልት ነው፤ ባትሪው 64 ቮልት፣ ረዳት ጄነሬተሩ ሲሠራ 74። መጀመሪያ 74 መኖሩን እዩ። ረዳት ጄነሬተሩ ደክሞ ቮልቱ ከወረደ ፊልዱም አብሮ ይወርዳል። ቀጥሎ ከምንጩ እስከ ጄነሬተሩ ያለውን እያንዳንዱን ንክኪ ፈትሹ፤ ኮንታክተሩን፣ ኢንተርሎኮቹን፣ ማለትም ሌላ ማብሪያ ሲሠራ አብረው የሚገናኙትን ትናንሽ ንክኪዎች፣ የሬጉሌተሩን ጥርሶችና ካርቦን።

አፈታተሹ እንዴት ነው? ብዙ ልጆች ማሽኑን አጥፍተው በቴስተር ኦም ይለካሉና «ዜሮ ነው፣ ደህና ነው» ይላሉ። የተቃጠለ ንክኪ ትንሽ ከረንት ሲያልፍበት ደህና ይመስላል፤ ብዙ ከረንት ሲመጣ ነው የሚከለክለው። ስለዚህ ጭነት ላይ ሆኖ በንክኪው ሁለት ጫፍ መካከል ያለውን ቮልት ለኩ። የተዘጋ ጤነኛ ንክኪ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። እዚያ አምስት ቮልት ካገኛችሁ፣ ያ አምስት ቮልት ከፊልዱ የተሰረቀ ነው።

ነገር ግን፣ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያው ካቢኔ ውስጥ ከ600 ቮልት በላይ የሚያልፍባቸው ዕቃዎች አሉ። የቴስተሩን ሽቦ የምታያይዙት ሞተሩ ጠፍቶ ነው። በሩ ይዘጋል። ሰው ይርቃል። ከዚያ ነው ጭነት የሚሰጠው፤ ንባቡም ከውጭ ነው የሚታየው። በማሽን ጥገና የጠፋ ሰዓት ይተካል፤ ሰው አይተካም። ሎድ ቦክስ ስለሌለ ብላችሁም ሎኮሞቲቩን በፍሬን አስራችሁ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትጫኑት። የማይዞር ትራክሽን ሞተር ከረንቱን የሚቀበለው በኮሙቴተሩ፣ ማለትም ከረንት በሚገባበት የመዳብ ቀለበት፣ አንድ ቦታ ብቻ ነውና ያቃጥለዋል።

ክንዱ ሚኒመም ላይ ሲቀር ብዬ ነበር። ገቨርነሩ ውስጥ ኦቨርራይዲንግ ሶሌኖይድ የሚባል አለ፤ መንኮራኩር ሲንሸራተት ክንዱን ወደ ሚኒመም የሚመልሰው እሱ ነው። እንግዲህ ያቺ መብራት መጣች።

የመንሸራተት መብራት። እሷን የሚያበራት ሪሌይ የሚያነጻጽረው ጥንድ ሆነው የሚሠሩትን ትራክሽን ሞተሮች ነው፤ አንዱ ከሌላው ሲለይ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጭነቱ ይወርዳል። ሐዲዱ እርጥብ ሲሆን ብልጭ ድርግም ማለቷ የተለመደ ነው። ሳትጠፋ ስትቆይስ?

አንድ ጊዜ አንድ ነጂ «ጭነት እየጣለ አስቸገረኝ» ብሎ መጣ። የመንሸራተት መብራቷ ቀኑን ሙሉ በርታ እንደዋለች ራሱ ነገረኝ፤ «ሪሌዩ ተበላሽቷል፣ ትዋሻለች» አለኝ። እኔም አብሬው ሪሌይ ልቀይር ተነሳሁ። ሪሌዩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ስፈትሸው ጤነኛ ነው። ያኔ ቀዝቃዛ ነገር በጀርባዬ አለፈ። ወጥቼ ሎኮሞቲቩን ቀስ ብሎ እንዲያስጉዝልኝ ለመንኩትና በጎን በኩል እየተራመድኩ መንኮራኩሮቹን አየሁ። ሦስቱ አክስሎች ይዞራሉ። አራተኛው አይዞርም። ተቆልፎ እየተንሸራተተ ነው፤ መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ተልጎ ጠፍጣፋ ሆኗል። የዚያን ትራክሽን ሞተር ቤሪንግ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ፈትተን ስናየው ተጣብቆ ነበር። በዚያ ሁኔታ በፍጥነት ቢሄድ ኖሮ መንኮራኩሩ ከሐዲዱ መውጣት ይችል ነበር፤ ከኋላው ሰው የጫነ ባቡር ቢኖርስ? እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

እባካችሁ። የመንሸራተት መብራት ሳትጠፋ ከቆየች ማሽኑን አቁሙ፤ መንኮራኩሮቹ ሁሉ መዞራቸውን በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ሪሌዩን አትክሰሱ። የሞተር መቁረጫ ማብሪያ ማጥፋትም አይበቃም፤ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል እንጂ የተቆለፈ አክስል አይፈታም። አምፖሏን ነቅሎ መሄድ ደግሞ ወንጀል ነው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ሞተሩ ራሱ ሲደክም። ክንዱ ከማክሲመም ተመልሷል፣ ጉልበቱ ጎድሏል። ነዳጅ ነው፣ አየር ነው፣ ወይስ ኢንጀክተር?

ከነዳጁ ጀምሩ፤ በዓይን ይታያልና። ሞተሩ ላይ ሁለት የመስታወት ብርጭቆዎች አሉ። ወደ ሞተሩ የቀረበው የመመለሻው ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ጥርት ያለ፣ አረፋ የሌለው መሆን አለበት። ሌላው የማለፊያው ነው፤ ባዶ መሆን አለበት። በማለፊያው ውስጥ ነዳጅ ካያችሁ ማጣሪያው ተደፍኖ ነዳጁ መንገድ አጥቷል። በመመለሻው ውስጥ አረፋ ካያችሁ አየር እየገባ ነው። አየሩ የሚገባው ከፓምፑ በፊት ባለው የመምጠጫ መስመር ነው። ልብ በሉ፤ በመምጠጫው በኩል ያለ ክፍተት ነዳጅ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ወለሉ ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ይህን የምለው ስለተማርኩበት ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ በሙሉ ኖች ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ዴፖ ሲመጣ ደህና ነው። እኔ «ፊልዱ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ኤሌክትሪክ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ያልኩት ነገር በራሱ እውነት ነው፤ ጥቅልል ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። አብራኝ የነበረች አንዲት ተለማማጅ ግን «ጋሼ፣ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ አረፋ አየሁ» አለችኝ። «ትንሽ አረፋ ምንም አይደለም» ብዬ አለፍኳት። ሎድ ሬጉሌተሩን ቀየርኩ። በማግስቱ ሎኮሞቲቩ እዚያው ዳገት ላይ ቆመ፤ ባቡሩም መስመሩን ዘግቶ ግማሽ ቀን ዋለ።

ሁለተኛ ሲመጣ ሎድ ቦክስ ላይ አርባ ደቂቃ አሠራነው። ክንዱን አየሁ፤ ቀስ በቀስ ከማክሲመም እየተመለሰ ነው። ምስክሩ እዚያው ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁትም። የመምጠጫው ጎማ ሲሞቅ እየለሰለሰ ከማሰሪያው ላይ ይላላና አየር ይስብ ነበር። ልጅቷን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ዛሬ እሷ ከእኔ የተሻለች መርማሪ ናት። አለቆች ሆይ፣ ታናሽ ሲናገር ስሙ።

ነዳጁ ጤነኛ ከሆነ ጭሱን እዩ። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው። ጥቁር ሲሆን ብዙ ሰው ኢንጀክተር ይላል፤ እኔ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እላለሁ። 567 ሁለት ምት ስለሆነ የተቃጠለውን ጋዝ የሚጠርገውም ሲሊንደሩን የሚሞላውም ያው የብሎወሩ፣ ማለትም የአየር ገፊው፣ አየር ነው። ማጣሪያው ከተደፈነ ወይም በላይነሩ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ፣ ዙሪያ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በካርቦን ከጠበቡ ሞተሩ ታፍኖ ነው የሚሠራው። አልኮ የተባለው ፋብሪካ እንደሚሠራው ዓይነት አራት ምት፣ ባለ ተርቦ፣ ማለትም በጭሱ ጋዝ የሚዞር አየር ገፊ ያለው ሞተር ያላችሁ ግን ኖች ሲጨመር ለአፍታ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ተርቦው እስኪደርስ ነውና አትደንግጡ፤ ዙሩ ከተረጋጋ በኋላ ካልጠራ ነው ችግሩ።

ኢንጀክተር የመጨረሻዬ ነው። ራኩን በእጅ እየነካችሁ የሚጣበቀውን ፈልጉ፤ አንድ የተጣበቀ ራክ የሌሎቹን እንቅስቃሴ ያውካል፣ ሞተሩም ዙሩን መያዝ አቅቶት ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ዝቅ ሲል ግን ወዲያው ገቨርነር አትበሉ፤ የገቨርነሩ ዘይት ጎድሎ ወይም ቆሽሾ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ብዙ ተናገርኩ። ውጭ ያለው ሎኮሞቲቭ ከሎድ ቦክሱ ጋር ተያይዞ ዘይትና ውኃው እንዲሞቅ ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነው። ሆን ብዬ አንድ ጥፋት አስገብቼበታለሁ፤ ከኤሌክትሪኩ ይሁን ከሞተሩ አልነግራችሁም። አባቶች፣ እናንተ ዳር ቁሙልኝና ልጆቹ ይሥሩ። አንዱ እጀታውን ይይዛል፣ አንዷ በየኖቹ ዙሩን ትጽፋለች፣ አንዱ ቮልትና አምፔሩን ያነብባል፣ አንዷ ብርጭቆዎቹ ጋ ትቆማለች። መፍቻ የያዘ ሰው እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ክንዱ የት እንዳለ እስክትነግሩኝ ድረስ መፍቻ አልሰጥም። ኑ፣ እንውጣ።